ንቅሳቱ የዋጠው ብርሃን

ዶክተር አዝመራው የተገደለው በወፍራም የቧንቧ ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ተመትቶ የራስ ቅሉ ተፈርክሷል፤ ደሙ የሆስፒታል ቢሮውን ግድግዳ ለብሶታል። በ2009 ዓ.ም. እንጅባራ እንዲህ ያለ ጭካኔ አልለመደባትም።

«ሀብቱ ነው!» አለ ቴክኒሻኑ ይሄነው። «ትናንት ‹እናቴ ካልዳነች እገድልሃለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

የአዘናው ገበሬ ሀብቱ ሬሳውን አቅፎ ስለተገኘ በካቴና ታስሯል። እጁ እስከ ክርኑ ደም ነው። «ጩኸት ሰምቼ ላነሣው ገባሁ እንጂ!» ይላል፤ የሚያምነው ግን የለም።

ኢንስፔክተር ዘውድነሽ ቀድሞ ለጮኸ የምትፈርድ ሴት አይደለችም። የሀብቱ እናት እታለማሁ በተነቀሰው አንገታቸው ላይ ካንሰር አለባቸው። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት እሳቸው የሚለኩበት መሣሪያ ሳይወጋ ሳይበጣ፣ በብርሃን ብቻ የእብጠቱን ደምና ኦክስጅን ያነባል። ጨለማ ስለሚፈልግ ታማሚውን ከነፊቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑታል።

«የት ነበርህ?» ስትል ይሄነውን ጠየቀችው።

«ከጎን ክፍል፣ እማማን እየለካሁ። ጩኸቱን እስክሰማ በር አልከፈትሁም።»

«እርስዎስ፣ እማማ?»

«ተሸፍኜ ምን አያለሁ ልጄ? ዛሬስ መለኪያውን ያሰረልኝ ዶክተሩ ራሱ ነው። የድሮውን የልኬት ወረቀት ከዛሬው ጋር ላመሳክር ብሎ፣ ይሄነውን ትቶልኝ ወጣ።»

ነርሷ አምሳለ በበኩሏ፣ «ጩኸቱን የሰማሁት ልክ ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ነው። መርፌ ልወጋ ሰዓት እያየሁ ነበር» አለች።

ዘውድነሽ ሁሉንም ሰብስባ መሣሪያው በየደቂቃው የመዘገበበትን ወረቀት ዘረጋች።

«ዶክተሩ ከወጣ በኋላ፣ ሦስት ከሰባት ላይ የውጭ ብርሃን ገብቶበታል፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ሦስት ከዐሥራ ሁለትም ስትመለስ እንደገና። ጩኸቱ ግን ሦስት ከዘጠኝ ነው። ይሄነው፣ ጩኸቱን ሳትሰማ ለምን ወጣህ?»

ይሄነው ወደ በሩ አፈገፈገ።

«የእማማ እብጠት ንቅሳታቸው ሥር ነው። ጥቁር ቀለም ብርሃን ይውጣል። ዶክተሩ ዛሬ ሲለካ ብርሃኑ ደክሞ ተመልሷል፤ ያንተ የሦስት ወር ወረቀት ግን ጥርት ያለ ነው። ንቅሳቱ ቢያስቸግርህ ከጎኑ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ስትለካ ከርመህ ‹እብጠቱ እየጠፋ ነው› ብለህ ጻፍህ። ዛሬ ደረሰብህ።»

«ሊያዋርደኝ ነበር! አንዴ ብቻ ልመታው ብዬ…»

«ሦስት ጊዜ ነው የመታኸው።»

ካቴናው ከሀብቱ እጅ ወደ ይሄነው ዞረ።

እታለማሁ አንገታቸውን ዳበሱ። «ታዲያ መድኃኒቱ አልሠራም በይኛ።»

«አልሠራም፣ እማማ። ዶክተሩ የሞተው ይህን ሊነግርዎ ሲል ነው።»

እታለማሁ እንባቸው እየወረደ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ተነሡ።

«እንግዲያ ሌላ መድኃኒት ጀምሩልኝ» አሉ። «የሰው ደም ተከፍሎበታል።»