በጋቢ ጫፍ የተጠረገው ጥላሸት

ልጆች፣ የቡልቡላን ባሕር ዛፍ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ምንትዋብ የምላችሁ ልጅ እኔው ነኝ፤ «እኔ» እያልኩ ከዳር ማድረስ ስለማልችል ግን እንደ ሌላ ሰው ልጅ አድርጌ ልንገራችሁ።

ምንትዋብ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ዘመኑ የደርግ ነው። ከእናቷ ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር ቦሌ ቡልቡላ ትኖር ነበር። ያን ጊዜ ቡልቡላ ፎቅ የለም፤ እርሻና የመንግሥት ባሕር ዛፍ ብቻ። ጎረቤታቸው ጋሼ ኦላና ከዛፉ አጠገብ ሽምብራ ዘርተው ነበር። ጥር ሲገባ ሽምብራው አፈራ።

«ጋሼ ኦላና፣ እሸቱ አልደረሰም?» አለቻቸው ቅዳሜ ዕለት።

«ደርሷል። ነገ ትቆርቢ የለም እንዴ? ከቅዳሴ ስትመለሺ ነይ፣ አብረን እንጠብሳለን። እስከዚያ ዐይንሽን ከማሳዬ ላይ አንሺ፣ አንቺ ወፍ!» ብለው ሳቁባት።

የሚቆርብ ሰው እህል ሳይቀምስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ምንትዋብም ታውቅ ነበር። እሑድ ማለዳ ግን እናቷ እስክትለብስ ድረስ ክብሪት ይዛ ሾልካ ወጣች። ሽምብራውን ነቅላ በደረቅ ሣር ለበለበችው። እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰላችሁ! አጎንብሳ ስትፈለፍል ነፋስ መጣ። እሳቱ ሣሩን ይዞ ሄደ፤ ከሣሩ ወደ ባሕር ዛፉ ዘለለ። ምንትዋብ ሮጠች።

ከደጃቸው ቆማ ስታይ ጭሱ ፀሐይዋን ጋርዷታል። ቅጠሉ እንደ ጥይት ይንጣጣል። የሰፈሩ ሰው እርጥብ ቅርንጫፍ እየቆረጠ እሳቱን ይደበድባል። ከሁሉም ፊት ጋሼ ኦላና ነበሩ።

እሳቱ ሲጠፋ የቀበሌ ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ።

«እሳቱ የተነሣው ከዚህ ማሳ ነው። የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ ጋሼ ኦላና።

«አሻጥረኛ! የመንግሥት ደን ታቃጥላለህ?»

«እኔ አላቃጠልኩም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ማነው?»

ጋሼ ኦላና ዞር ሲሉ ምንትዋብን አዩ። ከንፈሯ በእሸቱ ጥላሸት ጠቁሯል። ጠጋ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት።

«ጭሱ ነው፣ የኔ ልጅ። ሂጂ ታጠቢ» አሏት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለሱና «እንጃ፤ አላየሁም» አሉ።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ምንትዋብ ግን ያሰበችው፣ «ከተናገርኩ ሳልቆርብ መብላቴን እማዬ ታውቅብኛለች» ብላ ነው። ይኸው ነው፣ ልጆች። የእናቷን ቁጣ ፈርታ ዝም አለች። ጋሼ ኦላናን ወሰዷቸው። አልተመለሱም። ከእሳቱ የተረፈው ሽምብራ ሰብሳቢ አጥቶ እዚያው ረገፈ።

ካደገች በኋላ ለንስሐ አባቷ ተናገረች።

«ለጋሼ ኦላና ባለቤትስ ነገርሻቸው?» ሲሉ ጠየቋት።

ባለቤታቸው ግን በር በሩን እያዩ ኖረው፣ ያን ጊዜ አርፈው ነበር።

ልጆች፣ ስታጠፉ ያኔውኑ ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ቅጣታችሁን ሌላ ሰው ይቀበለዋል። እኔ ይቅርታ የምለምናቸው ሰዎች ዛሬ የሉም። እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።