የሙሄዲን በርሜል

ሽንዲ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ኢንስፔክተር አቻምየለሽ በማለዳ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ በቡሬ በኩል እስክትደርስ ድረስ መካኒኩ ሙሄዲን በከተማው አፍ ሦስት ጊዜ ሞቶ ነበር፤ መጀመሪያ ወድቆ፣ ቀጥሎ በጭስ ታፍኖ፣ በመጨረሻም ራሱን አጥፍቶ። ሰው ደግሞ የወደደው ሦስተኛውን ነው።

ለወሬው ምክንያት አልጠፋም። ሙሄዲን ወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያረጀ የጀልባ ሞተር ገዝቶ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ራሱ ፈታ፣ ራሱ ገጠመ፤ ከወምበርማ ቆላ ዓባይን በሚያሻግር ጀልባ ላይም አሰረው። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ጀልባው ወንዙ መካከል ድንጋይ መታ። ሞተሩ እየጮኸ መግፋቱን ተወ፤ ጀልባውንም ውሃው ወስዶ ገለበጠው። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ወጣ፤ የአርሶ አደሩ የክንዱ ልጅ ሰብሊ ግን አልወጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከስልክ በተማረ እጁ ሰው ገደለ» ያላለ የለም። ዛሬ ረፋድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ቀጠሮ ተይዞ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ሙሄዲን ለመግሪብ ሶላት ሲዘገይባት ሚስቱ ሳቢሃ ጋራዡ ድረስ ሄደች። በሩ ተዘግቷል እንጂ አልተቆለፈም። መስኮቱ በጆንያ ተወትፏል። ከወንዙ የወጣው የጀልባው ሞተር ለሙከራ ውሃ በሞላ በርሜል ከንፈር ላይ ታስሯል፤ የነዳጁ ጋን ባዶ ነው። ሙሄዲን ማጅራቱ ላይ ቆስሎ በርሜሉ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር።

«በዝግ ቤት ሞተር አስነሥቶ ጭሱን ሲምግ ቆየ፤ አዙሮት ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመታ» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ገነነ፣ ጋራዡን እየከፈተላት። «ነዳጁ ሲያልቅ ሞተሩ ጠፋ። መስኮቱንም የወተፈው ራሱ ነው። ግልጽ ነው ኢንስፔክተር።»

«ግልጽ ነገር ያስፈራኛል» አለችው። «ሐኪሙስ?»

«ቁስሉ ለመግደል ይበቃል፤ ወድቆ ይሁን ተመትቶ ግን መናገር አልችልም ብሏል።»

አቻምየለሽ አጭር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያወራላት ፊቱን ትታ ጫማውን የምታይ ሴት ናት። በርሜሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ውሃው ሞልቶ ለከንፈሩ አንድ ጣት ብቻ ቀርቶታል፤ ከመጥራቱ የተነሣ ታች የወደቀች ብሎን ትታያለች። ጣቷን ነክራ አሸተተች። ከዚያ ተንበርክካ መሬቱን ዳሰሰች። በበርሜሉ ዙሪያ ያለው አቧራ ደረቅ ነው።

«ይህን በርሜል የነካው አለ?»

«ከትናንት ጀምሮ ጠባቂ አልተለየውም።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለችና ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

በሩ ላይ የሟቹ ወንድም ሙንዲር ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። «እታለም፣ ጀናዛ አይዘገይም። እስካሁን ማደሩም በእናንተ ነው። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ መቀበር አለበት።»

«ይቀበራል። እስከ ዙህር ብቻ ስጡኝ።»

ሳቢሃ አታለቅስም፤ ከምታለቅስ ሴት ይልቅ የምታስፈራውም ለዚህ ነው። «እኔ ገዳይ አምጡልኝ አላልሁም» አለች። «ባሌ ራሱን ገደለ ተብሎ ከተቀበረ ግን ልጆቼ በዚህ ከተማ ቀና ብለው አይሄዱም። የሰብሊ ደምም በስሙ ይቀራል። እባክዎ፣ ስሙን አብረው አይቅበሩብኝ።» ከመሐረቧ ቋጠሮ አንዲት ብረት አወጣች። «ሬሳውን ያጠቡት ሰዎች ከሱሪው ኪስ ያገኟት ናት።»

የጣት አንጓ የምታክል ቀጭን ብረት ናት፤ አንዱ ጫፏ በመጋዝ ተቆርጧል፣ ሌላው የብሎን ጥርስ አለው።

«ትናንት ምሳ ሲበላ አሳይቶኝ ነበር። ‹ይቺ የኔ አይደለችም። ነገ ሽማግሌ ፊት አወጣታለሁ፤ በርሜል ሞልቼ ሞተሩንም አሳያቸዋለሁ። ሰውየውን ግን ቀድሜ ላነጋግረው፤ በራሱ አፍ ቢናገር ይሻለዋል› አለኝ። ማንነቱን ብጠይቀው ስም አልጠራልኝም። የሰው ስም ማንሣት አይወድም ነበር።»

አቻምየለሽ ደረሰ የሚባለውን ጀልባ ነጂ ወንዝ ሳይወርድ አገኘችው።

«ሞተሩ ጭስ ይበዛበታል?»

«ኧረ ምን ጭስ አለው! በሞተሩ እግር ወርዶ ውሃው ውስጥ ነው የሚወጣ። ሲንቦጫረቅ ነው የሚታየው።»

ብረቷን አሳየችው። ደረሰ ፊቱ ተለዋወጠ። «ውሃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ከዘንጉ የምታያይዝ ፒን ናት። ሙሄዲን የሚያደርጋት ግን ከለስላሳ ነሐስ ነበር። ድንጋይ ሲነካ እሷ ትሰበርና ሞተሩ ይተርፋል። መለዋወጫም አስሮ ይሰጠኝ ነበር፤ እዚያው ተክቼ እሄዳለሁ።»

«ይቺን ማን ገጠማት?»

«አላስታውስም» አለ መሬት መሬት እያየ። የማያስታውስ ሰው ወደ ሰማይ ያያል እንጂ እንዲህ አያቀረቅርም።

የሰብሊን አባት ክንዱን ከሽማግሌዎቹ መካከል ለይታ ጠየቀችው። ሰውየው ዱላውን እንደ ጨበጠ ነው። «ዝቸበት ነበር፤ አልክድም። ትናንት ከሰዓት በኋላም በሩ ድረስ መጥቼ ነበር። ወፍጮው ገና ሳይነሣ ከውስጥ የሁለት ሰው ድምፅ ሰማሁና ተመለስሁ።»

«የሞተር ድምፅስ ሰሙ?»

«ቆይቶ የተነሣው የወፍጮው ነዋ! ጎን ለጎን አይደሉ? ወፍጮው ሲጮህ እንኳን ሞተር መብረቅም አይሰማ።»

«በጀልባው ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«በየገበያው። ከሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ልብሱ ሲረጥብ ነው የሚሻገር።» ዱላውን መሬት ላይ ተከለው። «ልጄም እዚያው ነበር የምትቀመጥ።»

ወፍጮ ቤት ስትገባ ባለወፍጮው ስመኘው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ተቀበላት። «ጎረቤቴ ነበር፣ ምን ይሉታል ይሄን! ትናንት ከወፍጮ ቤቴ በር ላይ ሆኜ በደጁ ሥር ጥቁር ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ። እየሞከረ ነው ብየ ተውሁት። ምነው ገብቼ ባየሁ!»

«ይህ ሞተር ሲሠራ ከዚያ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

«የት አይቼው? ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ወስዶ ነበር የሚሞክረው። እኔ ደግሞ ቆላ አልወርድም፤ ወባ አንዴ ለሞት አድርሶኛል። ግን ሞተር ያው ሞተር ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።»

እሷ ግን የወፍጮውን ወንፊት የያዙትን ቀጫጭን ብሎኖች እየቆጠረች ነበር። አንዷ ከሌሎቹ አዲስ ናት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በጋራዡ ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ፤ ጀናዛው ከቤት መጥቶ በግቢው ማዶ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሳቢሃ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ሙንዲር ሰዓቱን ያያል።

«ደረሰ፣ ነዳጅ ጨምርና ሞተሩን አስነሣው» አለች አቻምየለሽ። «ጭስ የሚፈራ ይጠንቀቅ።»

ደረሰ ገመዱን ስቦ ወዲያው ወደ ኋላ ዘለለ። ክንዱ ሳይታወቀው ሦስት እርምጃ ሸሸ። ስመኘው ግን ጋቢውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከበርሜሉ አጠገብ ቆመ። ሞተሩ ጮኸ፤ ውሃው ከሥሩ እየፈላ ተነሣና ከደረቱ እስከ እግሩ ነከረው። ደረሰ ሞተሩን ሲያጠፋው በርሜሉ ግማሽ ደርሶ፣ የቀረው ጥቁር ዘይታማ አረፋ ደፍቆ፣ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር።

«ይህን ጭቃ እዩልኝ» አለች። «ይህ ሞተር በርሜል ውስጥ ከሠራ ውሃው ይጠቁራል፣ ይጎድላል፣ ቤቱን ያረጥባል። ዛሬ ጧት ግን ውሃው ሙሉና የጠራ ነበር፤ አቧራውም ደረቅ። ስለዚህ ሞተሩ ትናንት አልተነሣም። ካልተነሣ ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ሙሄዲን አዙሮት አልወደቀም፤ መስኮቱንም ነዳጁንም ያዘጋጀ ሌላ ሰው ነው።»

ሳቢሃ ግድግዳውን ያዘች።

«ማነው ታዲያ? ሞተሩን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያዘጋጅም፤ ውሃውን ማጥቆርና መሬቱን ማርጠብ አይረሳም። ደረሰ ያውቀዋል፣ ሸሸ። አያ ክንዱ ያውቁታል፣ ሸሹ። አያ ስመኘው ብቻ እንደ ወፍጮ ሞተር ጭሱን ከላይ ጠበቁ።»

«መርጠብ ወንጀል ነው?» አለ ስመኘው ውሃው ከጋቢው እየተንጠባጠበ።

«አይደለም። ያልነበረን ጥቁር ጭስ አየሁ ማለት ግን የፈጠረው ሰው ሥራ ነው።» ብረቷን አነሣች። «ይቺም ከእርስዎ ወንፊት የተቆረጠች ብሎን ናት። ድንጋዩ ሲመታ አልሰበር ብላ የሞተሩን ጥርስ አስበላች፤ ጀልባው ኃይል አጣ።» ወደ ደረሰ ዞረች። «ልጅህን ክርስትና ያነሣልህ ስመኘው መሆኑን ሰው ነግሮኛል። በአበልጅ ላይ መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ካልህ ግን ይህ ሰው በሐሰት ስም ይቀበራል።»

ደረሰ የሞተሩን ገመድ ለቀቀ። «መለዋወጫው አልቆብኝ፣ ሙሄዲን ቡሬ ሄዶ ነበር። አበልጄ ‹ይቺ አትሰበርም› ብሎ ሠራልኝ። እንዳልናገር በልጄ አማለኝ። የመግደሉን ነገር ግን አላውቅም፣ እግዜር ምስክሬ ነው!»

ስመኘው የረጠበ ጋቢውን ከላዩ ገፈፈ። «ጠንካራ ብረት ይሻላል ብየ ነው! በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነው! ሙሄዲን ትናንት ‹ነገ በራስህ አፍ ተናገር› አለኝ። የክንዱ ዘመድ ብዙ ነው፤ ደም ይመልሱብኛል አልሁት። ‹ሦስት ሳምንት እኔ ቁሜልሃለሁ፣ ነገ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር...»

ሳጅን ገነነ ያዘው። አቻምየለሽ በሥራዋ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አብሮት ሊቆም የተዘጋጀን ሰው የገደለ ግን ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ ነው፤ ተናደደች፣ አዘነችም።

ሙንዲር ሰዎቹን ጠርቶ ቃሬዛውን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ክንዱ ዱላውን መሬት ጥሎ ወደ ማዶ ተሻገረ። ከሙንዲር ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

«በዚህ ደጅ ስታልፉ ሰላም አትበሉት ያልሁ እኔ ነኝ» አለ ክንዱ። «በቁሙ ይቅርታ ልለው አልቻልሁም። እምነታችሁ ከፈቀደ ላንድ አፍታ ልሸከመው።»

ሙንዲር ወደ ሳቢሃ አየ።

«ስጡት» አለች። «ባሌ ለሰብሊ ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስላት ነበር።» ይህን ብላ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ክንዱ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ።