የላቦራቶሪው ስኳር

ፕሮፌሰሩ ከላቦራቶሪው አጠገብ ባለው ትንሽ ክፍል ወለል ላይ ተዘርረዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ አራት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ። ከእሳቸው ጋር የጠጡት ሦስት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ እንዴት እንደተረፉ ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። መጀመሪያ የሟችን ልጅ ወደ ኮሪደሩ ይዛት ወጣች። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ነው የምትሠራው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጅቷ፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «የሻይ ስኳር አልቆብን ከአባዬ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ግሉኮስ ቀዳሁ። ሁሌ እናደርገዋለን። ግን ሌላ ነገር ቢሆንስ? እማዬም ጠጥታለች!»

«ለምን ሌላ ይሆናል አልሽ?»

«ጋሼ የግሉኮሱን ዕቃ አዩና ‹ልጄ፣ ምን ጨመርሽበት?› አሉኝ። ክው አልኩ።»

ጋሼ የምትላቸው የአባቷን ምክትል፣ ዶክተሩን ነው።

እናትየዋ ጥግ ላይ ጉሮሮዋን ይዛ ተቀምጣለች። መጥቶ መርምሯት የሄደው ሐኪም ደህና ነሽ ቢላትም አላመነችውም፤ ብርጭቆዋንም ክንዷ እስከቻለ ገፍታዋለች።

«ባለቤትዎ ሕመም ነበረባቸው?»

«ድሮ መዥገር ነክሶት፣ ከዚያ ወዲህ ሥጋ ጠላቱ ነው። ለዚህ ብዬ ምሳውን ራሴ ነው የምቋጥርለት። ዛሬም የአትክልት ሾርባ፣ በዘይት ብቻ። እሱ ይቅር፤ እኛስ እንተርፋለን ወይ?»

ዶክተሩም ላባቸውን እየጠረጉ ጠበቋት።

«የፕሮፌሰሩ ጥናት ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ስኳር። ሰውነታችን አንዳንድ ስኳሮችን እንደ ጠላት ይቆጥራል። በከብት ሥጋና ሞራ ውስጥ አንድ አለ፤ መዥገር የነከሰው ሰው ያንን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ይነሳበታል። ፕሮፌሰሩ በራሳቸው ሕመም ነበር ጥናቱን የጀመሩት።» ጉሮሯቸው ደረቀና ከብርጭቋቸው ተጎነጩ። «ዛሬ ግን ሥጋ የት መጣ? ሻይ ብቻ ነው የጠጣነው። ነፍሴ ልትወጣ ነው በፍርሃት!»

«ምሳቸውን ማን አሞቀላቸው?»

«እኔ። ሁሌም እኔ ነኝ።»

እትዬ ለምን ወደ ማድ ቤቱ ሄደች። የምሳ ዕቃው ታጥቧል። ክዳኑን ግን ገለበጠችና ጠርዙን በጓንቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ለሐኪሙ ደወለች። ስትመለስ ሦስቱንም አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ ማንንም አልገደለም» አለች። «የቀዳሽው ግሉኮስ ነው፤ ይኸው ጠጥታችሁም ቆማችኋል። የሥጋው ስኳር የሚያመጣው ሕመም ደግሞ ወዲያው አይነሳም፤ ሰዓታት ይቆያል። ይህን የነገረኝ ሐኪሙ ነው። ዶክተር፣ ሁሉንም ሲያስረዱኝ እሱን ብቻ ለምን ዘለሉት?»

ዶክተሩ ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ነገሩ ከምሳው ነው ማለት ነው። የክዳኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ሞራ ረግቷል። ዘይት እንዲህ አይረጋም።»

«እኔ ሞራ ቤቴም አይገባም!» ብላ እናትየዋ ጮኸች።

«አውቃለሁ። ሾርባው ውስጥ ሞራ የጨመረ ሰው ሻዩ ንጹሕ መሆኑን ያውቃል። እርስዎ ብርጭቆዎን እንደ እባብ ነው የሸሹት። ልጅዎም አባቷ ከወደቁ ወዲህ የእሷን አልነካችውም። ዶክተር ግን ነፍሴ ልትወጣ ነው እያሉኝ ከሻዩ ጠጡ። አፋቸው ሲፈራ እጃቸው አልፈራም።»

ዶክተሩ ብርጭቋቸውን አዩት። ባዶ ነው።

«ለምን?» አለች እትዬ ለምን።

«ነገ ሊያጋልጡኝ ነበር» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «የጥናቴን ውጤት ከራሴ ፈጥሬ እንደጻፍኩት ደረሱበት።»

«እና እርስዎ በእኔ ላይ አሳበቡ?» አለች ልጅቷ። «እጄን ይዘው አይዞሽ ሲሉኝ የነበሩት?»

  ለልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷታል፤ ለመጠየቅም ፈርታዋለች።

«አባዬ… እኔ የገደልኩት መስሎት ነው የሞተው?»

እትዬ ለምን ወደ ዶክተሩ ዞረች። የመለሱት፣ ቀና ሳይሉ፣ ዶክተሩ ናቸው።

«የለም። እናንተ ሐኪም ልትጠሩ ስትሮጡ ፕሮፌሰሩ ክንዴን ያዙኝ። ‹ሾርባው ውስጥ ምን ጨመርክ?› አሉኝ። ከዚያ ‹በሩን ዝጋው፤ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ› አሉ። ዘጋሁት።»

እስካሁን ማልቀስ የማይገባት መስሏት የነበረችው ልጅ ያን ጊዜ «አባዬ!» ብላ ጮኸች።