ሦስት ሚሊ የጎደለው መደርደሪያ

«ሦስት ሚሊ!» ልጅቷ ጣውላውን ባንኮው ላይ ወረወረችው። በእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ ዞር አሉ። «በዚህ ጫፍ ሦስት መቶ፣ በዚያኛው ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት! አምስቱም የመደርደሪያ ጣውላዎች እንደዚሁ ናቸው!»

ጓደኛዋ ከባንኮው ማዶ ቆማ ጓንቷን ታወልቃለች። «ሚሊዬ፣ ረጋ በይ እስቲ። ሦስት ሚሊ ማን ያየዋል?»

«ሚሊ» የሚለውን ስም ያወጣላት ክፍሉ ነው፤ አንዲት ሚሊሜትር እንኳ ትለፍ ስለማትል። ጓደኛዋ ደግሞ «ቱርቦ» ናት፤ ሌላው ሳይጀምር እሷ ጨርሳ የምትገኝ። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ነው የተቀመጡት። ለተግባር ፈተናውም ጥንድ የሆኑት ማንም ሳያዛቸው ነው። ፈተናውን ያለፈ በእረፍቱ ጊዜ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ገብቶ ይለማመዳል፤ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ሚሊ ስለዚያ ፋብሪካ ስታወራ የቤቱ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል።

ንትርኩ የተጀመረው ትናንት የመሣሪያ ማደያው መስኮት ላይ ነበር። እያንዳንዱ ጥንድ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ የሚቆርጠውን መጋዝ ይወስዳል፤ ከሐዲዱ ጋር ከሚገጠሙት ዕቃዎች ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቱርቦ ሐዲዱን አጥብቀው የሚይዙትን ሞርሳዎችና የሐዲድ መቀጠያውን ፈለገች። «ቶሎ እንገላገላለና!» ሚሊ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሐዲዱን ከጣውላው ጠርዝ ጋር በዘጠና ዲግሪ የሚያቆመውን ማዕዘንና ሁለቱን ክንዶች መረጠች። ክንዶቹ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ጫፍ ይገባሉ። ሁለቱም እኩል ርዝመት ላይ ከታሰሩ የሚቆረጠው ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ይኖረዋል፤ አንደኛው ከተሳሳተ ጣውላው ወደ አንድ በኩል ይጠባል።

የቀኙን ክንድ ሚሊ አሰረች፣ የግራውን ቱርቦ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሜትር። ሚሊ ከዚያ ሜትሯን ለቱርቦ ሰጥታ «ካንቺው ጋር አስተያዪልኝ፣ እኔ መጋዙን ላዘጋጅ» ብላት ነበር።

«አስተያየሁ፣ አንድ ናቸው» ነበር መልሱ።

አሁን መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። የማዕዘን መፈተሻ ስኳድራቸውን ጣውላው ጥግ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ስፋቱን በሁለቱም በኩል ለኩ። «ማዕዘኑ ልክ ነው። ስፋቱ ነው የተበላሸው። ክንዶቹ ምን ሆኑ?»

ቱርቦ ቀደመች። «ቲቸር፣ እኔ ሞርሳ ይሻላል ብዬ ነበር። ክንዶቹን የመረጠችው እሷ ናት።»

ሚሊ ጨሰች። ውሸቷ ሳያንስ ጥፋቱን በክንዶቹ ማሳበቧ ነው ያናደዳት። «ክንዱ ምን አደረገሽ? ሜትሮቹን አላስተያየሽም! አስተያየሁ ብለሽ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ!»

ቱርቦ አንገቷን ደፋች። «እሺ፣ አላስተያየሁም። ሜትር ከሜትር ይለያያል ብዬ አላሰብኩማ።»

መምህሩ አንድ ወረቀት ባንኮው ላይ አስቀመጡ። «የስህተቱን ምክንያትና ያጠፋችውን ልጅ ስም ጻፉልኝ። ያጠፋችው ትወድቃለች፤ ሌላዋ አዲስ ጣውላ ወስዳ ብቻዋን ትቆርጣለች። ባዶ ካመጣችሁት ሁለታችሁም ወድቃችኋል። ግማሽ ሰዓት አላችሁ።»

ቱርቦ ዕንባዋ ሲመጣ ወደ በሩ ሄደች። ሚሊ አልጠራቻትም። ትሂድ! እሷ ማስረጃውን በቁጥር አድርጋ ልታሳያት ነው። የብረት ማስመሪያ አነሳች፤ ርዝመቱ ልክ ሦስት መቶ ሚሊ ነው። በቱርቦ ሜትር ለካችው። ሦስት መቶ። በራሷ ሜትር ለካችው።

ሦስት መቶ ሦስት።

ደግማ ለካች። አሁንም ሦስት መቶ ሦስት። ሜትሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መንጠቆ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ሜትሩ ባለፈው ሳምንት ከባንኮው ላይ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ሰምታዋለች። አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ኪሷ ከተተችው። እሷ፣ ሚሊ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባት። ቱርቦ አንዴ ብቻ ሁለቱን ጎን ለጎን ብትዘረጋቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ውሸቷ ውሸት ነው። የታጠፈው ሜትር ግን የሚሊ ነው።

ፒንሳው እጇ አጠገብ ነበር። አነሳችው። መንጠቆዋን አንዴ ጫን ብታደርጋት ቀጥ ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ሜትሮች ልክ ይሆናሉ፣ ቱርቦም ዋሽቻለሁ ብላ ራሷ አምናለች፣ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ፋብሪካውም ቀረ አይባልም። በሩ ላይ ቱርቦ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚሊ ፒንሳውን እንደጨበጠች ትንሽ ቆየች። ከዚያ በንዴት ወደ መሳቢያው ወረወረችውና እስክሪብቶ አነሳች።

ወረቀቱ ላይ ለስም የተተወው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሚሊ ከሥሩ ሌላ አሰመረች። በመጀመሪያው ላይ የራሷን ስም ጻፈችና «ሜትሬ ወድቆ ጫፉ ታጥፎ ነበር፤ አላየሁትም» ብላ ጨመረች። በሁለተኛው ላይ «ጓደኛዬ ሜትሮቹን ሳታስተያይ አስተያየሁ አለችኝ» ብላ ጻፈች፤ ቃላቱን ለማለዘብ አልሞከረችም።

«ነይ ፈርሚ!»

ቱርቦ ዓይኗን እየጠራረገች መጣች። አነበበች። ደግማ አነበበች። «የተበላሸው ሜትር ያንቺ መሆኑን እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ታልፊ ነበር እኮ።»

«ዝም ብለሽ ፈርሚ። አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»

ቱርቦ ፈረመች። ሚሊ ወረቀቱንና ሜትሯን ይዛ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች። ቱርቦን አልጠበቀቻትም። ከኋላዋ ኮቴዋን ስትሰማ ግን፣ ተመለሺ አላለቻትም።