ቀኝ ጎኑ ላይ የነበረው ፕላስተር

ባለቤቴ ሙንታሲር ከሞተ ጀምሮ አሶሳ ውስጥ ከእጄ ውሃ የጠጣ ሰው የለም። «ሳሊማ ባሏን በምግብ መርዛ ገደለች» ተብዬ። ማንጎዬን እንኳ የሚሰርቅ ልጅ ጠፍቶ ፍሬው ሥሩ ወድቆ ይበሰብሳል። ክስ የለም፣ ማስረጃ የለም፤ ወሬ ብቻ። እኔም ይጣራልኝ እያልኩ ፖሊስ ጣቢያ መመላለሴን አልተውኩም።

ከስንት ዓመት በኋላ ኢንስፔክተር ቀነኒ የምትባል የባምባሲ ልጅ ሰማችኝ።

«ሲሞት ምን ሆነ?»

«ከገበያ ስመለስ መላ ገላውን ሽፍታ ወርሮታል፣ ከንፈሩ አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሮታል። ወንድሙ አይመን አቅፎት ነበር። ሆስፒታል አድርሰነው እዚያው አረፈ።»

«በፊት ታሞ ነበር?»

«ጉበቱ ላይ እጢ አለ ተብሎ ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር።»

ያስቀመጥኳቸውን ሁለት የአልትራሳውንድ ፎቶዎች ለሐኪም አሳየች። አንዱ ከመሞቱ በፊት፣ ሌላው በሞተበት ቀን የተነሳ ነው።

«እጢም እንዲህ ውስጡ ይከፋፈላል» አለ ሐኪሙ። «ግን ግድግዳው ይወፍራል፣ ሥጋ መሳይ ነገር ያበቅላል። ይሄ ግን ስስ ነው፤ ውስጡ ክብ ክብ ትናንሽ ከረጢቶች ይዟል። ከውሻ የሚመጣ የትል ከረጢት ይመስለኛል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ የውስጡ ሽፋን ተላቆ ይንሳፈፋል፤ ከረጢቱ ተቀዷል። ፈሳሹ ሲያመልጥ ሰውነት ይቆጣል፤ ሽፍታ፣ እብጠት፣ መታፈን።»

«በራሱ አይፈነዳም?»

«ሊፈነዳም ይችላል።»

ቀነኒ መድኃኒት ቤት ወዳለው አይመን ሄደች። «እጢውን የነካው ሰው ነበር?»

«እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነገር ሰው ይገድላል እንዴ? መርዙን እሷ ድስት ውስጥ ፈልጊ!» አላት።

አስከሬኑን ያጠቡትን ሼህ ዓብዱልባሲጥን ስትጠይቃቸው እምቢ አሉ። «የሟች ገላ ላይ ያየሁትን አልናገርም። ሐራም ነው።»

«የሟችን ነውር አልጠየቅኩም፣ አባባ። የሰው እጅ የሠራውን ነው።»

«ፕላስተር ነበር» አሉ። «ቀኝ ጎድን ሥር። ሳነሳው የመርፌ ቀዳዳ አየሁ። ሆስፒታል ወጋው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሆስፒታል ጠየቀች። እዚያ ቦታ የወጋው የለም።

ሁላችንንም ግቢዬ ሰበሰበችን፤ ሼሁን፣ አይመንን፣ ከመሞቱ በፊት ባሌን ዋግምት ያገመውን ጎረቤቴን ዳበሳንም።

«ዋግምት በምላጭ ነው፤ ቀዳዳው የመርፌ ነው» አለች።

«እፎይ! ልታስሪኝ ነበር እንዴ?» አለ ዳበሳ።

«ሳሊማ ገበያ ነበረች። ከሟቹ ጋር የነበረው፣ መርፌም የማያጣው አይመን ነው። ደግሞ ለቤተሰቡ የተነገረው እጢ ነው ተብሎ ነው። የውስጡ ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ መሆኑን በመርፌ ቀድቶ ያየው ካልሆነ ማን ያውቃል?»

አይመን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ወላሂ፣ በመርፌ የቀዳሁት እንዲቀልለው ብዬ ነው። የአዲስ አበባውን መንገድ ፈርቶ ለምኖኝ ነው።»

«እኔን ገዳይ ሲሉኝ ስትሰማስ?» አልኩት።

«ፈራሁ።»

ቀነኒ ካቴናውን አወጣች። «ትንሽ ቆዪኝ፣ እህቴ» አልኳት። አይመንን ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና መንገዱ ዳር ወዳለው የጎረቤቴ የኑራ ቤት ወሰድኩት። ከእጄ ውሃ ከማይጠጡት አንዷ ናት። በሩን አንኳኳሁ። ኑራ ብቅ ስትል «ንገራት» አልኩት።

ነገራት። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄድን።