መርዶው እስኪነገር

«አውልቂው አልኩሽ! አውቶቡሱ እኮ ሊደርስ ነው።»

አጎቷ አያ ውበቱ በጓዳው በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሐረግ በአቀስታ ከተማ፣ የአንዲት ሻይ ቤት ጓዳ ገብታ፣ ከከሰል ጆንያ ጋር እየተጋፋች ጥቁር ቀሚሷን ታወልቃለች። እናቷ አልታዬ ባለፈው የካቲት ከሞተች ወዲህ ያ ጥቁር ከላይዋ ወርዶ አያውቅም። አሁን በምትኩ የጎረቤታቸውን የእትዬ ወርቂቱን ልጅ ባለ ቀይ አበባ ቀሚስ ልትለብስ ነው። ቀሚሱ በጣም ሰፋት። ለነገሩ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ልብስ ያልሰፋው ማን ነበር?

«ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ» አሉ አያ ውበቱ። «ፀጉርሽን ካየ ያበቃል። ምነው ቢልሽ ቅማል ገብቶብኝ ተላጨሁ በይው።»

«እሺ።»

«እንባ እንዳላይ ደግሞ!»

«አላለቅስም አልኩ እኮ፣ አያ!»

የሚመጣው ታላቅ ወንድሟ ክንፈ ነው። ደሴ ተምሮ፣ ማትሪክ አልፎ፣ መንግሥት ምሥራቅ በርሊን ከላከው ሦስት ዓመት ሆኖታል። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒዩተር ይማራል። አገራቸው መካነ ሰላም ላይ ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባታቸው ሲጠየቁ «የሒሳብ መኪና ነው» ብለው ይገላገሉ ነበር። ክንፈ አሁን ለእረፍት እየመጣ ነው። እናቱ መሞቷን ግን አያውቅም፤ የነገረው የለም።

መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ሟቹ ደህና ነው፤ እህል ይበላል፣ ሰላምታም ይልካል። ደግ ልማድ ነው ይላሉ። ደግነቱን ለማየት ያን ቀን ከሐረግ ጋር መሳፈር ነበር።

ክንፈ ከደሴው አውቶቡስ የቆዳ ጃኬት ለብሶ ወረደ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ትከሻው ሰፍቷል። አቅፎ አነሣት፤ ካሰበው በላይ ስለቀለለችው ደንግጦ መልሶ አስቀመጣት።

«ሐረጌ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

«ረዝሜ ነው።»

«እማስ? እማ እንዴት ናት?»

የዚህን ጥያቄ መልስ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነው የመጣችው።

«ደህና ናት» አለች።

«ደህና ናት ብቻ? አልናፈቅኳትም?»

«ኧረ ናፍቀሃታል፣ ወንድም ዓለም። ስምህን እየጠራች...» አለችና አቆመች። እውነት ነበር። ስሙን እየጠራች ነው የሞተችው።

አያ ውበቱ ሻንጣውን ብድግ አድርገው «በሉ እንጂ፣ መኪና እንዳያመልጠን!» ብለው አጣደፏቸው።

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሌላ መኪና አልነበረም፤ የዕርዳታ ስንዴ ከጫነ ከባድ መኪና ላይ፣ ጆንያው አናት ላይ ወጡ። ሾፌሩ ጀብሪል አገሩን ሁሉ ያውቃል። ክንፈን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን «አህለን፣ ጀርመኑ! አብሽር፣ በሰላም እናደርስሃለን» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ጆንያው ላይ የተቀመጡት የመካነ ሰላም ሰዎች የሐረግን ቀይ አበባ አዩና ነገሩ ገባቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ለጠላትም አይስጥ።

ከሁሉ የባሱት እትዬ ድንቅነሽ ነበሩ። በየካቲት አልታዬን አጥበው የገነዙ ሴትዮ ናቸው።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ እናቴን አይተዋታል?» አላቸው ክንፈ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት ልጄ! ትናንት እንኳ አይቻታለሁ፤ መምጣትህን ሰምታ ጉድ ጉድ ስትል ነበር» አሉት እትዬ ድንቅነሽ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ። ክንፈ ጉልበታቸውን ሳመ። ሐረግ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

መኪናው በጭቃው ላይ እየተንገዳገደ ሄደ። ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ጥሏል፤ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ የሚያርሰው ሰው ግን ሳስቷል። በራቸው ተነቅሎ የተወሰደ፣ ጣሪያቸው የሰመጠ ቤቶች በየዳገቱ ይታያሉ።

«የዚህ መንደር ሰው የት ሄደ?» አለ ክንፈ።

«ሰፈራ» አሉ አያ ውበቱ።

«እናንተ ጋ ግን እንዲህ አይደለም አይደል?»

«የለም፣ የለም። እኛ ጋ ደህና ነው።»

ክንፈ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ መንደሮቹን ማየት ትቶ ወሬውን ያዘ። መጀመሪያ ዓመት ቋንቋው አልገባው ብሎ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ዝም ብሎ አብሮ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ሲገባው ለካ የሚስቁት በእሱ ነው። እሑድ እሑድ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ፣ ከአንድ ቬትናማዊ ልጅ ጋር ዶርም ውስጥ ተፋጠው ሩዝ ይቀቅላሉ። ቬትናማዊው ስለ እናቱ በቋንቋው ያወራል፣ ክንፈም ስለ እናቱ በአማርኛ ያወራል፤ ሳይግባቡ ይመሻል።

«ኮምፒዩተሩስ?» አለችው ሐረግ፣ ከእናታቸው ወሬ እንዲርቅ።

«እሱማ አጃኢብ ነው! ይህን መኪና ያህላል። ካርድ በስተሽ ታጎርሺዋለሽ፣ መልሱን አትሞ ያወጣልሻል።»

«ዕውቀቱን ከየት አመጣው?»

«ምን ያውቃል ብለሽ ነው! ያጎረስሽውን ነው የሚመልስልሽ። ሐሰት ብትሰጪው፣ ሐሰቱን ይዞ ሲያሰላ ይውላል። አይጠረጥርም።»

አያ ውበቱ ሳል ያዛቸው።

«አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ» አለ ክንፈ ጠጋ ብሎ። «ጥር ላይ ነው። የክፍሌ ልጆች ከግንቡ ማዶ በሚመጣው ቴሌቪዥን የኛን አገር ረሃብ አይተው፣ የምግብ አዳራሹ በር ላይ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሳጥን አስቀመጡ። ከዚያ አንዷ ልጅ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ምሳ እየበላ፣ አጠገቤ ቆማ ‹እናትህ ዛሬ በልታለች?› አትለኝም!»

«እና ምን አልካት?»

«ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ደሜ ፈላ። ያን የላካችሁልኝን ፎቶ ከኪሴ አወጣሁና ‹ይቺውላችሁ እናቴ፣ ወሎ ናት፤ ይቺ የተራበች ትመስላለች?› አልኳቸው። ፎቶው በእጅ በእጅ ዞረ። ጉትቻዋን አዩ፣ ፈገግታዋን አዩ። አፈሩ! ሳጥኑን አንሡልኝ አልኩ፤ አነሡት።» ክንፈ ሳቀ። «ሰው ማለት ክብሩ አይደል? አሁን ደግሞ ካሜራ ይዣለሁ። ራሴ በቀለም አነሣታለሁ። መስከረም ስመለስ ዶርሜ በር ላይ ነው የምለጥፈው። ከዚያ የሚጠይቀኝ ካለ አያለሁ።»



ያ ፎቶ ኅዳር ላይ ነው የተነሣው። ክንፈ «ድርቅ አለ ይባላል፣ እንዴት ናችሁ? ትምህርቱን ትቼ ልምጣ ወይ?» ብሎ በሰው ቢያስጠይቅ፣ እናቱ ሰማይ ተደፋባት። «ልጄ በኔ ምክንያት ከትምህርቱ እንዳይቀር! ፎቶ ላኩለት፣ ደህና ነኝ በሉት» አለች። ጉትቻው የእትዬ ወርቂቱ ነበር። ነጠላውን እስከ አገጯ ድረስ የተከናነበችው አንገቷ እንዳይታይ ነው። መቆም ስላቃታት በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ» ሲላት ፈገግ አለች፤ ሐረግ ጉትቻውን ልትፈታላት ስትጠጋ ግን እናቷ ከበርጩማው ተንሸራታ እላይዋ ላይ ወደቀች። የዚያን ለት ቤት ውስጥ የነበረው ምግብ የሳማ ቅቅል ብቻ ነበር። እሱም በኋላ ጠፋ።

ክንፈ ይህን ሲያወራ ሐረግ ወንድሟን ጠላችው። ምን ያስደብቃል፣ ከልቧ ጠላችው! ከጆንያው ላይ ገፍትራ ገደል ብትሰደው ደስ ይላት ነበር። «እናትህ እኮ...» ብላ አፏን ስትከፍት እትዬ ድንቅነሽ ጭኗን ቆነጠጧት። ቁንጥጫው ሥጋ አላገኘም፤ አጥንቷን ነው የያዘው። ቃሉን ዋጠችው።

አመሻሽ ላይ መካነ ሰላም ገቡ። የክንፈ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። «ወንዙ ሞልቷል፣ ዛሬ አይሻገሩትም፤ እኔ ጋ እደሩና በጠዋት ትሄዳላችሁ» አሉ አያ ውበቱ። ወንዙ ግን ያን ለት ከጉልበት አያልፍም ነበር። ክንፈ ለእናቱ ያመጣውን የሱፍ ሻርፕ አውጥቶ፣ እንዳይጨማደድ ትራሱ ሥር አጥፎ አስቀመጠው።

አያ ውበቱ ሐረግን ወደ ጓሮ ጠሯት።

«ነገ በምን ሞተች ብሎ ይጠይቃል። ተስቦ ነው። አባትሽም፣ እኔም፣ ሽማግሌዎቹም በዚሁ ተስማምተናል።»

«ተስቦ አልነበረም፣ አያ።»

«አለመሆኑን መች አጣሁት! በረሃብ ነው ካልነው ግን ትምህርቱን ጥሎ እዚሁ ይቀራል። የለፋነው ሁሉ ገደል ይገባል። ደግሞስ ሟቿ ራሷ አይደለችም እንዴ አትንገሩት ያለችው? የእናትሽን ቃል ልታፈርሺ ነው?»

ቃሉ የእናቷ መሆኑ እውነት ነው።

ጎሕ ሲቀድ ሰው በጓሮም በደጅም መጣ። ክንፈ ከእንቅልፉ ሲነቃ አባቱ አቶ ንጉሡ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክንፈ አባቱን አየ፤ ከኋላቸው የቆሙትን ሽማግሌዎች አየ፤ ከዚያ ሐረግን ፈለገ። ሐረግ ሻሿን አውልቃለች።

«እማ የታለች?» አለ።

«ልጄ፣ በርታ። እናትህ አርፋለች።»

ሴቶቹ ደጅ ላይ እዬዬውን አቀለጡት። ክንፈ ደረቱን እየደለቀ፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። መሐል ላይ እትዬ ድንቅነሽን አያቸው።

«ትናንት አይቻታለሁ አሉኝ እኮ! ጉልበትዎን ሳምኩ እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ መንገድ ላይ ነበርክ» አሉት እትዬ ድንቅነሽ እያለቀሱ።

ልቅሶው ሲረግብ ጥያቄው መጣ። «በምን ሞተች?»

«ተስቦ» አሉ አቶ ንጉሡ።

«ተስቦ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ አንዱ ከሌላው ተቀብሎ።

ክንፈ ቀና አለ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲላላ ሐረግ አየች። እንባው አልቆመም፤ ግን ትከሻው ወረደ። «ተስቦ» አለ ለራሱ። «ተስቦ ማንንም ይገድላል። እዚያም ሰው በበሽታ ይሞታል።» መልሱን ከወዲሁ ይዞት ሲሄድ ታያት። መስከረም ላይ በዚያ አዳራሽ ቆሞ፣ እናቴ በተስቦ ሞተች ሲል፣ ያን ፎቶ ደግሞ በእጅ በእጅ ሲያዞር ታያት።

«ሐረጌ፣ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለ ክንፈ። «ተስቦ ነው አይደል?»

አያ ውበቱ አፈጠጡባት። አባቷ አላፈጠጡም፤ አባቷ በዓይናቸው ለመኗት። ይህ ባሰባት።

«በረሃብ ነው» አለች ሐረግ።

«አንቺ!» አሉ አያ ውበቱ።

«በረሃብ ነው የሞተችው። ፎቶውን ስትነሣም ርቧት ነበር። ጉትቻው የሷ አይደለም። ትምህርትህን እንዳትተው ነው ደህና ነኝ ያለችህ።»

አያ ውበቱ በጥፊ አጮሏት። ማንም አልገላገላትም፤ ሐረግም ጉንጯን አልያዘችም። አባቷ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ክንፈ እየዳኸ መጥቶ ሁለት እጇን ያዘ፤ ጣቶቿን እስኪያማት ጨመቃቸው።

«ውሸት ነው። ተናደሽብኝ ነው። ተናደሽብኝ ነው አይደል?»

«ተናድጄብህ ነበር። አሁን ግን ለዚያ አይደለም።»

«ሳጥኑን እኮ እኔ ነኝ ያስነሣሁት!» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ሐረጌ፣ በእናትሽ... በእናትሽ ተስቦ ነው በይኝ።»

አንድ ቃል ነው። ብትለው ያርፋል፤ ሽማግሌዎቹም ያርፋሉ፤ እሷም ጥፊ አይደገማትም። ሐረግ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ራሱን ወደ ትከሻዋ ስባ አስደገፈችው።

«በእናትሽ» አለ ደግሞ።

አልቅሶ እስኪወጣለት ድረስ እንደያዘችው ቆየች፤ ቃሉን ግን አላለችውም።