ከደጃፍ የቀረው ቦት

ታማቲ ሃካራያ ጫማ ሳያደርግ በካልሲው እንዳለ ከጎጆው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ጠዋት የተራራው ግማሽ ወደ ግድቡ ሐይቅ ተንዶ፣ የተነሳው ማዕበል ጎጆውን እስከ ጉልበት አጥለቅልቆት ነበር። «ውሃው አላትሞ ገደለው» አሉ ሰዎች። ለሁሉም ይመች ነበር፤ ውሃ አይከሰስማ።

ታማቲ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የተራራውን ስንጥቅ ይለካ ነበር። ከሰፋ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑን የሚያስጮኸው እሱ ነው። ያን ጠዋት ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም።

ኢንስፔክተር ንጋይሬ ፖሃቱ ጭቃ ወደሞላው ጎጆ እንኳ ስትገባ ቦቷን ደጅ አወለቀች። ያኔ ነው ከበረንዳው መደርደሪያ ሥር የተሰነቀረውን፣ እስከ አፉ ጭቃ የሞላ ትልቅ የላስቲክ ቦት ያየችው።

«እትዬ ሬና፣ ይሄ የወንድምዎ ነው?»

«የታማቲ እግር እንደኔው ትንሽ ነው፤ ስንስቅበት ኖረናል። የሱን እዚያ ምስማር ላይ ዘቅዝቆ ነው የሚሰቅለው።»

ምስማሩ ባዶ ነበር።

ጀልባ አከራዩ ኢሃካ እግረ ትልቅ ነው። «ባለፈው ተጣልተናል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሳይረንህ እንግዶቼን አባረረብኝ አልኩት። ግን እኮ አጎቴ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ጋርዝ ሊንዶፕም እግረ ትልቅ ነው። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። እሱ ቤት ከሄድኩ ወር አልፎኛል። የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ ውሃ መልቀቃችንንም አናቆምም። ከተማው መብራት ይፈልጋል።»

ሐይቁ በፍጥነት ሲጎድል ተራራው እግሩ ይከዳዋል፤ ይህን ጋርዝ ከማንም በላይ ያውቃል። የቀረው ግማሽ ተራራ ደግሞ ከአርባ ቤት በላይ ተንጠልጥሏል። ንጋይሬ ንዴቷን ውጣ፣ ሁሉንም ከሰዓት መሰብሰቢያው ቤት ጠራቻቸው።

እንደ ወጉ ጫማቸውን ደጅ ትተው ገቡ።

«ታማቲ ውሃው ሲደርስ ሞቶ ነበር፤ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ማጅራት አይፈነክትም» ስትል ጀመረች። «ገዳዩ ሳይረኑን እንዳያስጮኽ ሊያስቆመው ገባ። ግን ከልጅነቱ እንደለመደው ቦቱን ደጅ አወለቀ። እዚህ አገር ነፍስ የሚያጠፋ ሰው ይገኛል፤ በቦት ሰው ቤት የሚገባ ግን የለም። ከዚያ ማዕበሉ መጣ። ሲሸሽ የራሱን ቦት አጣው፤ ምስማር ላይ የነበረውን የታማቲን አጠለቀ። በጠበበ ቦት ዳገት የሮጠ ሰው ተረከዙ ይላጣል።»

ሁሉም ቁልቁል ተያየ። የኢሃካ ባዶ እግር ደህና ነው። የጋርዝ ነጭ ካልሲ ተረከዙ ላይ ደም አዝሏል።

«ጫማዬ አዲስ ስለሆነ ነው።»

«አዎ፣ ደጅ አይቼዋለሁ። የዛሬ ጠዋቱ ቦትዎስ?»

ጋርዝ እግሮቹን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ስንጥቁ አንድ ክንድ ሰፍቷል ብሎ ደወለልኝ። ሳይረኑ ከጮኸ የግድቡን በር ዝጉ እባላለሁ። ጎጆው ድረስ ሄጄ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሰኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ ብሎ ወደ ሳይረኑ ማብሪያ ሲዞር…»

«አንድ ሳምንት» አለች ሬና። «የወንድሜ ነፍስ አንድ ሳምንት አወጣች?»

ንጋይሬ ጋርዝን በካቴና አስራ፣ እጁ ላይ ስልኩን አኖረች። «አሁን ደውል። በሩን አዘጋ።»

ጋርዝ ደውሎ አዘጋ። ሬና ወደ ወንድሟ ጎጆ ሄዳ ሳይረኑን አስጮኸችው። ሰው ሁሉ ቦቱን እያጠለቀ ወደ ከፍታው ሮጠ፤ ጋርዝን ግን በካልሲው አስወጡት። ጫማውን ያቀበለው ሰው የለም።